የትኛው ሲም ይሻለናል? ከአዳማ እስከ ሻሸመኔ፣ ከዚያም እስከ መካ



ቀኑ ሐሙስ ግንቦት 28 ቀን 2017 ዓ.ም. ነበር፤ በሒጅራው አቆጣጠር ዙልሒጃ 9 ቀን 1446፣ የዐረፋ ዕለት። አዳማ ውስጥ ከእኛ ጋር አጥር በሚጋራ አንድ ግቢ አሥራ አንድ ሰዎች አንዲት ስልክ ከብበው ተቀምጠዋል። የቤቱ እናት ሐጅ ሄደዋል። ሲሸኙ «የዐረፋ ቀን ከዙህር በኋላ እደውልላችኋለሁ፤ አንድ ላይ ሆናችሁ ጠብቁኝ፣ እያንዳንዳችሁን በስም እየጠራሁ ዱዓ አደርግላችኋለሁ» ብለው ነበር። ከሻሸመኔ አንዲት ልጃቸው ሁለት ሕፃናት ይዛ መጥታለች። ከመቂ ወንድማቸው ሱቃቸውን ዘግተው መጥተዋል። ትልልቆቹ ሁሉ ጾመኞች ናቸው። ስልኩ ቻርጅ ተደርጎ፣ ድምፁም ከፍ ተደርጎ ከምንጣፉ መሃል ተቀምጧል።

ዐስር ተሰገደ፤ ስልኩ ዝም አለ። ከዚህ ሲደወልም ማግኘት አይቻልም ነው መልሱ። የመግሪብ አዛን ተሰማ፣ በተምር ተፈጠረ፤ ስልኩ አሁንም አልጠራም። የሻሸመኔዋ ልጅ ማልቀስ ጀመረች። በዚያ ሙቀትና በዚያ ሕዝብ መሃል ምን ደርሶባቸው ይሆን የሚለው ሐሳብ በሁሉም ልብ ውስጥ ነበር፤ በአፉ ያወጣው ግን አንድም ሰው አልነበረም።

እናት ደህና ነበሩ፣ አልሐምዱ ሊላህ። ዱዓውንም አንድ በአንድ በስም እየጠሩ አድርገዋል። ከሁለት ቀን በኋላ በሌላ ሐጃጅ ስልክ ደውለው ነው ቤቱ ያረፈው። ሲመለሱ ነገሩ ተጣራ። ሚና በገቡበት ዕለት ዘመድ አዝማዱ ሁሉ «ዱዓ አድርጊልን» እያለ ሲደውልላቸው ውሏል፤ እርሳቸውም እያንዳንዱን አንስተው አነጋግረዋል። የሚደወልለት ሰው አይከፍልም ብለው ነው፤ እንደ አዳማው መስሏቸው። በዚያ ላይ የልጅ ልጃቸው የጫነላቸው መተግበሪያ ከየቡድኑ የሚላከውን ቪዲዮ ሁሉ ራሱ እያወረደ ነበር። ሐጃጁ ወደ ዐረፋ ሲወጣ በስልካቸው ውስጥ የቀረ ሳንቲም አልነበረም። «እናንተ ባትሰሙም የሰማው ሰምቷል፤ ምን አስለቀሳችሁ?» ብለው ሳቁብን።

እርሳቸው ቢስቁም እኛ ግን ነገሩን እንዲሁ ልንተወው አልወደድንም። በየቤታችን ለስልክ የሚወጣው ገንዘብ ከዘይትና ከስኳር ወጪ ጋር የሚወዳደርበት ዘመን ላይ ደርሰናል፤ ይሁን እንጂ ሲም ስንመርጥ የምንጠይቀው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፤ «የማን ጥቅል ይረክሳል?» እንላለን። ያ ጥቅል እቤታችን ውስጥ ይፈጥናል ወይ? የገዛነውን ሳንጨርስ ይቃጠልብናል ወይ? ከአገር ስንወጣስ ምን ያደርገናል? እነዚህን ሳይጠይቅ የገዛ ሰው የረከሰውን በውድ ይገዛል። እስቲ አብረን እንየው።

ምርጫ ያገኘንበት ጊዜ

በብዙ አገሮች ሰው የስልክ ቀፎውን ከኩባንያው በውል ወስዶ በየወሩ ይከፍላል፤ ሲም ካርድ ብቻውን መግዛት እንደ ልዩ አማራጭ ይቆጠራል። የእኛ ተገላቢጦሽ ነው። ቀፎውን ከሱቅ ወይም ከጂዳ ከሚመጣ ዘመድ፣ ሲሙን ለብቻው ከቴሌ፤ ስንኖር የኖርነው እንዲህ ነው። የሞባይል አገልግሎት በ1991 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ከተጀመረ ወዲህ ለሃያ ሦስት ዓመታት ያህል አገልግሎቱን የሚሰጠው አንድ ድርጅት ብቻ ስለነበር የሚነጻጸር ነገር አልነበረም። በ2010 ዓ.ም. መጨረሻ ኢትዮ ቴሌኮም የድምፅ ጥሪን በ40 በመቶ፣ የሞባይል ኢንተርኔትን በ43 በመቶ ሲቀንስ እንደ ትልቅ ዜና ተወርቶ ነበር፤ ነገሩም ትልቅ ነበር።

በ2011 ዓ.ም. የኮሙኒኬሽን አገልግሎት አዋጅ ቁጥር 1148 ወጥቶ ገበያው ተከፈተ፤ ተቆጣጣሪው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣንም ተቋቋመ። በ2013 ዓ.ም. ሳፋሪኮም፣ ቮዳኮም፣ ቮዳፎንና የጃፓኑ ሱሚቶሞ ያሉበት ጥምረት 850 ሚሊዮን ዶላር ከፍሎ ፈቃድ ወሰደ። ነሐሴ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. በድሬዳዋ የሙከራ አገልግሎት ጀመረ፤ መስከረም 26 ቀን 2015 ዓ.ም. ደግሞ በአዲስ አበባ በይፋ ሥራውን ከፈተ። ከተማችን አዳማም ከመጀመሪያዎቹ ተርታ ነበረች። በ07 የሚጀምር ቁጥር በሰፈራችን ያየነው ያን ጊዜ ነው። አንዳንድ ሽማግሌዎች «ይህ የውጭ አገር ቁጥር ነው» ብለው አላነሳም እንዳሉ እናስታውሳለን።

የሁለቱ መጠን እኩል አይደለም። ኢትዮ ቴሌኮም በ2017 በጀት ዓመት መጨረሻ ከ80 ሚሊዮን በላይ ደንበኞች ነበሩት፤ ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ በዚያው ዓመት መጋቢት ላይ ስልኩን አዘውትረው የሚጠቀሙ ከ8 ሚሊዮን በላይ ደንበኞች ነበሩት። 4ጂ የሚባለው ፈጣን ኔትወርክ በ2007 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ብቻ ተጀምሮ አዳማና አካባቢዋ የደረሰው በ2013 ዓ.ም. ነው። ከአዲስ አበባ ቀጥሎ 5ጂ ካዩት ከተሞችም አንዷ አዳማ ናት። አዳማ ገባ ማለት ግን ገንደ ሀራ ውስጥ ባለው ቤታችሁ ገባ ማለት አይደለም፤ ስልካችሁም 5ጂ የሚቀበል ካልሆነ በራፋችሁ ላይ ቢተከል አይጠቅማችሁም። ይህን የምንለው ባለፈው ዓመት ለ5ጂ ብሎ ሲም ቀይሮ በ3ጂ ቀፎ ሲጠቀም የከረመ አንድ ጓደኛችንን ስላየን ነው።

ፍጥነት ሲባል ምን ማለት ነው?

የኢንተርኔት ፍጥነት የሚነገረው በሜጋቢት በሴኮንድ ነው። የምንገዛው ጥቅል ደግሞ የሚለካው በሜጋባይት ነው። ቢትና ባይት ስማቸው ይመሳሰላል እንጂ አንድ አይደሉም፤ 1 ባይት 8 ቢት ነው። ስለዚህ «8 ሜጋቢት በሴኮንድ» የሚል ማስታወቂያ ሲያዩ በሴኮንድ 1 ሜጋባይት ይገባል ማለት ነው። 60 ሜጋባይት የሆነ የመማሪያ መጽሐፍ በዚህ ፍጥነት በአንድ ደቂቃ ይወርዳል። ስምንቱን ሜጋባይት አድርጎ የቆጠረ ሰው ግን በስምንት ሴኮንድ እጠብቃለሁ ብሎ ሲም ያሳስታል፣ ይሰድባል። በመድረሳ ሳለን ሱረቱል ሙጠፊፊንን ስንቀራ ኡስታዛችን ሚዛን የሚያጎድልን ነጋዴ ለማወቅ መጀመሪያ መስፈሪያውን ማወቅ ግድ ነው ይሉን ነበር። እዚህም ላይ መስፈሪያውን ሳያውቁ ተጎዳሁ ማለት አይቻልም።

ሌላም ነገር አለ። ፈጥኖ ማውረድ አንድ ነገር ነው፤ ፈጥኖ መመለስ ሌላ ነው። ከስልካችሁ የወጣው መልእክት ሄዶ መልሱ እስኪመጣ የሚወስደው ጊዜ በሚሊሴኮንድ ይለካል። ለቪዲዮ ማውረድ ይህ ብዙም አያስጨንቅም። ከሪያድ ከምትሠራ እህት ጋር በኢሞ ለሚነጋገር ሰው ግን ዋናው እርሱ ነው። ምላሹ ከዘገየ «ሃሎ፣ ትሰሚኛለሽ?» እያሉ ሁለት ሰዎች በአንድ ላይ ሲናገሩ፣ በአንድ ላይ ዝም ሲሉ ያመሻሉ። ስለሆነም ከመግዛታችን በፊት ለምን እንደምንፈልገው ማወቅ አለብን። ልጅ ለፈተና ፋይል የሚያወርድበት ቤትና ዘወትር ማታ ከዓረብ አገር ጥሪ የሚጠብቅ ቤት የተለያየ ሲም ሊያስፈልጋቸው ይችላል።

ሦስተኛው ነገር ሰዓቱ ነው። አንድ አንቴና የያዘው አቅም በአካባቢው ባለው ሰው ሁሉ የሚካፈል ነው። እንደ ሰፈር የውሃ ቧንቧ ማለት ነው፤ ከፈጅር በኋላ ሲከፍቱት ባልዲውን ወዲያው ይሞላል፣ ከምሽቱ 1 ሰዓት ሰው ሁሉ ሲከፍት ግን ይንጠባጠባል። በረመዳን ከተራዊሕ መልስ ይህ በጣም ይጎላል። ስለዚህ ሻጩ ሱቁ በር ላይ ቆሞ በጠዋት ያሳያችሁ ፍጥነት የሱቁና የጠዋቱ እንጂ የእናንተ ቤትና የእናንተ ምሽት አይደለም።

ቤቱም ራሱ ያደክመዋል። የቆርቆሮ ጣራና ወፍራም የብሎኬት ግድግዳ ምልክቱን ይይዙታል። አዳማ ደግሞ በኮረብታ የተከበበች ከተማ ናት። የነፋስ ኃይል ማመንጫዎቹ ከቆሙበት ጋራ ላይ ሆነው ከተማዋን ሲያዩ ሁሉም ሰፈር ፊት ለፊት ነው፤ ከጋራው ሥር ባለው ጉድባ ውስጥ ሆነው ሲያዩ ግን በእናንተና በአንቴናው መካከል መሬቱ ቆሟል።

በተግባር ለማየት ባለፈው የዕረፍት ጊዜ ከተማሪዎቻችን ጋር አንድ ሙከራ አደረግን። ሁለት ሲም በሚቀበል አንድ ስልክ ላይ ሁለቱንም አስገብተን፣ በየቦታው በአንድ ሰዓት፣ በአንድ ቦታ ቆመን ስፒድቴስት በሚባለው መተግበሪያ ለካን። መጀመሪያ በአዳማ፤ ፖስታ ቤት አካባቢ፣ ፍራንኮ፣ ከዚያ በየተማሪው ቤት። ቀጥሎም በሞጆ፣ በመቂ፣ በባቱ፣ በአርሲ ነገሌና በሻሸመኔ። መጀመሪያ ላይ የሠራነውን ስሕተት እንናገር። ፍጥነቱን መለካት ራሱ ዳታ ይበላል፤ በሴኮንድ 100 ሜጋቢት በሚገባበት ቦታ የአሥር ሴኮንድ ልኬት 125 ሜጋባይት ይወስዳል። ይህን ሳናሰላ ፍራንኮ ላይ አምስት ተማሪዎች እየተቀባበሉ ሲለኩ አንደኛውን ጥቅል ሞጆ ሳንደርስ ጨረስነው። በየቦታው አንድ ጊዜ፣ ቢበዛ ሁለት ጊዜ መለካት ይበቃል።

ያየነው የሚከተለው ነው። በከተሞቹ መሃል፣ በአስፋልቱ ዳር ሁለቱም ለዕለት ሥራ የሚበቁ ናቸው። ልዩነቱ የሚጀምረው ወደ ሰፈር ሲገቡ ነው። በመቂ የሽንኩርትና የቲማቲም ገበያ ውስጥ የቀደመው ሲም በባቱ ከሐይቁ ዳር ኋላ ቀረ። በሻሸመኔ አንድ ሰፈር ውስጥ ሁለት ቤቶች፣ መሃላቸው መንገድ ብቻ ነው፤ ከዚህኛው አንደኛው ሲም ይሻላል፣ ከዚያኛው ሌላኛው። ከከተማ ወጥተን ከባቱ በኋላ በቡልቡላና በላንጋኖ በኩል ስንጓዝ የስልኩ ምልክት ከ4ጂ ወደ 3ጂ፣ አልፎ አልፎም ወደ 2ጂ ይወርድ ነበር። 2ጂ ላይ መደወል ይቻላል፤ ኢንተርኔት ግን አለ ለማለት ብቻ ነው ያለው። አንዱ ሲም ጭራሽ ሲጠፋ የሌላው መሥመር ስለነበረ ብቻ ስልካችን አላለቀም። የአንዱ ሲም የሌላውን ኔትወርክ ተውሶ አይሠራም፤ መንገደኛና ሹፌር ሁለቱንም የሚይዘው ያለምክንያት አይደለም።

የትኛው የት እንደቀደመ በስም አለመጻፋችንን የሚታዘብ አንባቢ ይኖራል። አንድ አንቴና ሲተከል ወይም ሲበላሽ ውጤቱ በአንድ ሌሊት ይገለበጣልና መጽሔቱ እጃችሁ እስኪገባ ሐሰት ሊሆን የሚችል ነገር ማተም አልወደድንም። ይልቁንስ ጎረቤት ይጠየቅ። ሌላኛውን ሲም የያዘ ጎረቤት ስልኩን ይዞ ለሩብ ሰዓት ሳሎናችሁ ውስጥ ቢቀመጥ፣ ከመግሪብ በኋላ ቢሆን፣ ከማንኛውም ማስታወቂያ የበለጠ ይነግራችኋል። ሻይ ማፍላት ግን የእናንተ ነው።

የረከሰው ሲወደድ

ዋጋ በየጊዜው ስለሚለወጥ እዚህ የዋጋ ሠንጠረዥ አናወጣም። ኢትዮ ቴሌኮም በ2017 ዓ.ም. መስከረም ላይ ያደረገውን ማስተካከያ ሁላችንም እናስታውሳለን። የየዕለቱን ዋጋ በ09 ሲም *999#፣ በ07 ሲም *777# ደውሎ ማየት ይቻላል። የሚያስፈልገው ስሌቱን ማወቅ ነው።

እንበል አንድ ወርኃዊ ጥቅል 10 ጊጋባይት በ400 ብር፣ አንድ ሳምንታዊ ጥቅል ደግሞ 1 ጊጋባይት በ60 ብር ይሸጣል። (ቁጥሮቹ ለስሌት ያመጣናቸው ናቸው፤ የማንም ዋጋ አይደሉም።) በወረቀት ላይ ወርኃዊው ይረክሳል፤ አንዱ ጊጋባይት 40 ብር ነው፣ በሳምንታዊው 60 ብር። ይህ ቤት ግን በወር የሚጠቀመው 4 ጊጋባይት ብቻ ቢሆንስ? በወርኃዊው 400 ብር ከፍሎ ስድስቱ ጊጋባይት ይቃጠላል፤ የተጠቀመበት እያንዳንዱ ጊጋባይት 100 ብር ሆነበት ማለት ነው። አራት ጊዜ ሳምንታዊ ቢገዛ 240 ብር ይበቃው ነበር። ስለዚህ መጀመሪያ በስልኩ ማስተካከያ ውስጥ ገብታችሁ ባለፈው ወር ስንት እንደተጠቀማችሁ እዩ። ከጠየቅናቸው ወላጆች መካከል ይህን ቁጥር አይቶ የሚያውቅ አላገኘንም፤ እኛም ይህን ጽሑፍ እስክንጀምር ድረስ አይተነው አናውቅም ነበር።

«ያልተገደበ» የሚለውን ቃል ሲያዩ ደግሞ ዝቅ ብሎ በትንንሽ ፊደል የተጻፈውን ማንበብ ነው። እንዲህ ያሉ ጥቅሎች ብዙውን ጊዜ ከተወሰነ መጠን በኋላ ፍጥነታቸው ይቀንሳል። ይህ በውሉ ላይ ከተጻፈ ማታለል አይባልም፤ ሳያነቡ መፈረም የእኛ ጥፋት ነው። የድምፅ ጥቅል ስትገዙም ወደ ሌላኛው ኩባንያ ቁጥር መደወልን ይጨምር እንደሆነ ጠይቁ። የጥሪ ማዕከሉን ጠይቃችሁ መልስ ያላገኛችሁበት ቅሬታ ካለ ወደ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ማቅረብ መብታችሁ ነው።

ከዚህ ጋር የብድር ካርድ ነገር ይነሳል። ሂሳብ ሲያልቅ አበድረን ኋላ ከነአገልግሎት ክፍያው እንቆርጣለን የሚለው ማለት ነው። አንዳንድ ወጣቶች ከሪባ ይቆጠራል ወይ ብለው ጠይቀውናል። ብይኑ የዑለማዎች ነው፣ እኛ አንደፍርም። ነገር ግን በየሦስት ቀኑ እየተበደረ በየሦስት ቀኑ ተጨማሪ የሚከፍል ተማሪ በወሩ መጨረሻ አንድ ጥቅል የሚገዛ ገንዘብ ለክፍያው ብቻ እንዳወጣ ወረቀት ላይ አስልተን አሳይተነዋል።

ኢስራፍ የሚባለው በዳታም አለ። በሴኮንድ 64 ኪሎቢት የሆነ የቁርኣን ቅጂ በሰዓት 29 ሜጋባይት ያህል ይወስዳል። ሠላሳውን ጁዝእ እያንዳንዱን በአንድ ሰዓት ግምት ብታወርዱት ሁሉም ከ900 ሜጋባይት በታች ነው፤ አንድ ጊዜ ስልኩ ላይ ካረፈ በኋላ ዕድሜ ልክ ያለክፍያ ይደመጣል። ሱረቱል ከህፍን በየጁሙዓው ከኢንተርኔት ላይ ለግማሽ ሰዓት የሚያዳምጥ ሰው ግን በዓመት 52 ጁሙዓ ከ700 ሜጋባይት በላይ ለአንዲት ሱራ ብቻ ያወጣል። ደርስም እንዲሁ ነው። ድምፁ ብቻ የሚበቃውን ትምህርት በቪዲዮ መክፈት፣ መካከለኛ ጥራት ያለው ቢሆን እንኳ በሰዓት እስከ 450 ሜጋባይት ይወስዳል። ረመዳን ከመግባቱ በፊት ዋይፋይ ካለበት ቦታ ወይም በሌሊት ጥቅል አውርዶ ማስቀመጥ ነው።

ሲሙ ባሕር ሲሻገር

አሁን ወደ ጎረቤታችን እናት ጉዳይ እንመለስ። ሮሚንግ ማለት የአገራችሁ ሲም በሰው አገር ኔትወርክ ላይ ተጠግቶ መሥራቱ ነው። እንግዳ ስለሆነ ባለቤቱ ያስከፍለዋል፤ የእኛው ኩባንያ ከእናንተ ይቆርጣል። መደወል ያስከፍላል፤ ሲደወልላችሁ ማንሳትም ያስከፍላል። ዳታው ደግሞ ካልተዘጋ እናንተ ተኝታችሁ እንኳ ይቆጥራል። አጭር የጽሑፍ መልእክት መቀበል ግን አብዛኛውን ጊዜ ነፃ ነው፤ ይህች ትንሽ ነገር ትልቅ ጥቅም አላት፣ ኋላ እንነግራችኋለን።

ሁለተኛው መንገድ እዚያው ሲም መግዛት ነው። በሳዑዲ ኤስቲሲ፣ ሞቢሊና ዘይን የሚባሉት ዋናዎቹ ናቸው። ፓስፖርት ይጠየቃል፣ የጣት አሻራ ይወሰዳል። ከኩባንያው መደብር መግዛት እንጂ መንገድ ላይ በሌላ ሰው ስም የወጣ ሲም መውሰድ አይገባም፤ በማናቸውም ቀን ሊዘጋ ይችላልና። ለአንድ ሳምንት ዑምራም ሆነ ለረጅሙ ሐጅ ዳታ ለሚፈልግ ሰው የእኛ ምክር የሳዑዲ ሲም ነው። ዛሬ ዳታ እዚያ የመዝናኛ ነገር ብቻ አይደለም። መዲና ገብቶ በረውዳ ለመስገድ ፈቃዱ የሚወሰደው ኑሱክ በሚባለው መተግበሪያ ነው። ከቡድኑ የጠፋ ሰው ድንኳኑን የሚያገኘውም በስልኩ ካርታ ነው።

ታዲያ የአገር ቤቱን ሲም እንጣለው? አይደለም። ባንካችሁ ወይም ቴሌብር የማረጋገጫ ቁጥር የሚልከው ወደ አገር ቤቱ ቁጥር ነው፤ ያች የጽሑፍ መልእክት የምትጠቅመው እዚህ ላይ ነው። ሁለት ሲም የሚቀበል ስልክ ካለ የአገር ቤቱን በአንደኛው ቦታ ይተዉት፤ ከመሄድዎ በፊት ሮሚንጉ የተከፈተ መሆኑን፣ የሐጅና የዑምራ ጥቅል ካለም ዋጋውን በ994 ወይም በኩባንያዎ የጥሪ ማዕከል ይጠይቁ። ከዚያ በስልኩ ማስተካከያ ውስጥ የዚያን ሲም የዳታ ሮሚንግ ይዝጉ፤ ዳታውን ለሳዑዲው ሲም ብቻ ይስጡት። ዘመድ ሲደውል ካላነሱት አይቆርጥም። ሦስት ጊዜ ጠርቶ ቢዘጋ ደህና ነኝ ማለት ነው ብሎ መስማማትም ይቻላል፤ አባቶቻችን በድሮው ስልክ ያደርጉት የነበረ ነው።

አዲሱን ሲም ሲያስገቡ ዋትሳፕ «ቁጥርዎን ልቀይር?» ብሎ ቢጠይቅ እሺ አይበሉ። የድሮው ቁጥር በአዲሱ ሲም ዳታ ላይ እንደ ልቡ ይሠራል። እሺ ያሉ ሐጃጆች ከቤተሰቡ ሁሉ ተቆርጠው የቀሩበት ጊዜ አለ። የዋትሳፕ የድምፅ ጥሪ ደግሞ በሳዑዲ ለብዙ ዓመታት ተዘግቶ የቆየ ነገር ነው፤ በ2010 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ በኢንተርኔት መደወል ሲፈቀድ እንኳ እርሱ ሳይከፈት ቀርቶ ነበር። ስለዚህ በአንድ መተግበሪያ ብቻ አትመኩ። ኢሞና ሌላ አንድ ጨምራችሁ፣ እዚሁ አዳማ ሆናችሁ፣ አንዱ ሳሎን አንዱ ጓዳ ሆኖ ደውላችሁ ሞክሩት። የድምፅ መልእክት መላክንም አስተምሯቸው፤ ኔትወርክ ሲገኝ ራሱ ይሄዳል።

የዐረፋን ቀን ግን ከስልክ ነፃ አድርጓት። በ1446ቱ ሐጅ ከ1.6 ሚሊዮን በላይ ሰዎች ነበሩ፤ ያ ሁሉ ሕዝብ በአንድ ሜዳ ላይ በአንድ ከሰዓት በኋላ ሲቆም የትኛውም ኩባንያ የተከለው አንቴና ይጨናነቃል። ሐጃጁም ወደዚያ የሄደው ለሌላ ጉዳይ ነው። ስም ዝርዝሩን ቀድማችሁ በወረቀት ጽፋችሁ ስጧቸው።

አንዲት ትንሽ ነገር እንዳንረሳ፤ የሳዑዲ የኤሌክትሪክ ሶኬት ባለሦስት አራት ማዕዘን ጥርስ ነው። የእኛ ባለሁለት ክብ ጥርስ ቻርጀር አይገባበትም። ማስተላለፊያውን ከአዳማ ገበያ ገዝቶ መሄድ ይሻላል።

በእነዚህ ቀናት የመቂው ወንድማቸው ለዑምራ እየተዘጋጁ ነው። የሻሸመኔዋ የእህታቸው ልጅ መጥታ ስልካቸውን ስታዘጋጅ አጠገባቸው ነበርን። የዳታ ሮሚንጉን ዘጋች፣ ቪዲዮ በራሱ እንዳይወርድ አደረገች፣ የድምፅ መልእክት ሦስት ጊዜ አስላከቻቸው፤ የሦስተኛው ሙሉ ሳል ነበር። ከዚያም ሁሉንም በትልልቅ ፊደል ወረቀት ላይ ጽፋ ከስልኩ ሽፋን ውስጥ ከተተችው።

«ልጄ፣ እኔ ማታ ዒሻ ሰግጄ ስደውል እናንተ ትተኙ ይሆን? ሰዓታቸው በስንት ይበልጠናል?» አሉ።

«አይበልጠንም አጎቴ፣ አንድ ነው። አቆጣጠሩ ብቻ ነው የሚለየው። በእነሱ ከምሽቱ 8 ሰዓት ሲል በእኛ 2 ሰዓት ነው።»

ወረቀቱን መልሰው አወጡት። እስክርቢቶ ጠየቁና በራሳቸው እጅ ከሥሩ «የነሱ 8፣ የኛ 2» ብለው ጻፉበት።